አሥራ ሁለተኛው ሳህን

በወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን፣ ከላይ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ አሥራ አንድ ነጭ ሳህኖች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ሁሉም ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው፤ ጠርዛቸውን ቀጭን ሰማያዊ መስመር ዞሮታል። ሲያዩአቸው ሸክላ ይመስላሉ እንጂ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ከአሥራ አንዱ አንዱም አልተሸረፈም፣ አንዱም አልተሰነጠቀም። የሚበላባቸው ግን የለም። የቤቱ እመቤት ለእንግዳ እንኳ አታወጣቸውም፤ ባሏ በየጊዜው እያወጣ ስለሚጥላቸው የትኛው የትኛው ወለል ላይ ውሎ እንደመጣ አይታወቅምና።

አሥራ ሁለተኛው ሳህን የተሰበረው ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ነው። አገር እያየ ነው የተሰበረው።

ሰውየው ያኔ የሳህን ፋብሪካ ፈታሽ ነበር። ሥራው ለሚሰማው ቀላል ነው፦ ከተመረተው መካከል እጁ የገባለትን ሳህን ያነሣል፣ ትከሻው ድረስ ከፍ ያደርጋል፣ ሲሚንቶው ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ካርቶኑ ላይ «ተፈትሿል» የሚል ማኅተም ይመታል። መጀመሪያ ሰሞን ሳህኖቹ ይሰበሩ ነበር። የፕላስቲኩ ዱቄት ቅልቅል ተስተካከለ፣ የማሽኑ ሙቀት ተስተካከለ፣ ከዚያ ወዲህ መሰበር አቆሙ። ፈታሹ ይህን በጆሮው ያውቀዋል። ያልተሰበረ ሳህን ሲነጥር የሚያሰማውን ድምፅ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይለየዋል።

በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። ማስታወቂያም ቀድሞ አይቀረጽም፤ በዜናውና በድራማው መካከል አንድ ሰው ካሜራ ፊት ይቆምና ዕቃውን ያሳያል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ተዋናይ አልፈለገም። «ሳህኑን የሚያውቀው ሰው ይጣለው» አለ። ፈታሹ ከምርቱ አሥራ ሁለት ሳህን በእጁ መረጠ፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ይዞ ሄደ። ስቱዲዮ በር ላይ፣ እንደ ደንቡ፣ ዕቃው በአንድ ጠረጴዛ አልፎ ገባ። ቀይ መብራት በራ። ፈታሹ «ይህ ሳህን አይሰበርም» አለ፤ ለቀቀው።

ሳህኑ አራት ቦታ ሆነ።

ፈታሹ ወለሉን አየ፣ ካሜራውን አየ፣ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ በማያውቀው ድምፅ «ይሄኛው የጎረቤቴ ነው» አለ። ካሜራማኑ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ምስሉ ተንቀጠቀጠ። አገር ያየው ያንን የሚንቀጠቀጥ ምስል ነው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ልጆች ብርጭቆ ሰብረው «የጎረቤቴ ነው» አሉ፤ ፈተና የወደቀ ተማሪ ውጤቱን ለአባቱ ሲያሳይ «ይሄኛው የጎረቤቴ ነው» አለ። ሳህኑ ከገበያ ጠፋ፤ ሰው አይሰበርም ብሎ አይደለም የገዛው፣ ስለሳቀ ነው የገዛው። ሥራ አስኪያጁ ፈታሹን ከፍተሻ ክፍል አውጥቶ የማስታወቂያ ሰው አደረገው። ማኅተሙን ለሌላ ሰጠበት። «ከእንግዲህ ያንተ ሥራ መናገር ነው፤ መጣሉን ተወው» አለው። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይባላል፤ የሱን ስም ግን ያወጣለት ራሱ ጎረቤት ሆነ። በመንገድ ሲያልፍ «ጎረቤቴ፣ እንዴት ነህ?» ያላለው የለም።

እሱን ግን የሚበላው ሌላ ነው። ለምን ተሰበረ? ደግሞስ ለምን አራት ቦታ? ዕቃ ሲሰበር እንደ ዳቦ ተቆርሶ እኩል እኩል አይሆንም። በዚያ ምሽት ስብርባሪውን ሊለቅም ቢመለስ ወለሉ ተጠርጎ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ ተነሣ። የስቱዲዮ መብራት አሙቆት ይሆን ብሎ ሳህን አምፖል ሥር አሳደረ፤ ጣለው፤ ነጠረ። ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደረ፤ ጣለው፤ ነጠረ። ጨው ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈ። በአግድም ጣለ፣ በጎን ጣለ። ከጡረታ በኋላማ ጭራሽ ባሰበት። ሚስቱ ለእህቷ «ሌላዋ ባሏን ከሴት ትጠብቃለች፤ እኔ ከሳህን ነው የምጠብቀው» ትላለች።

እንዲህ ባለበት ነው ስልኩ የተደወለው። የደወለችው ከጣቢያው ወጣት ፕሮዲውሰር ነበረች። ጣቢያው የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው፤ ተመልካች የመረጣቸውን የማይረሱ ደቂቃዎች በቀጥታ ስርጭት ሊያሳዩ ነው። ድመት በዜና አንባቢው ጠረጴዛ ላይ የተንጎራደደችበት አለ። የቀለም ስርጭት የተጀመረበትና ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኔ ተበላሸ ብሎ ጠጋኝ የጠራበት አለ። የፍራሽ ማስታወቂያ የሚሠራው ሰውዬ የምሩን እንቅልፍ ወስዶት ያንኮራፋበት አለ። የሳህኑም አለ።

«ጋሼ፣ እዚያው ስቱዲዮ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆመው እንደዚያን ጊዜው ይሰብሩልናል» አለችው።

«አይሰበርም» አላት።

ልጅቱ ስልኩ ላይ ብዙ ሳቀች። «እንደሱ ነው ጋሼ፣ ልክ እንደሱ ይበሉልን።»

በቀጠሮው ቀን ፈታሹ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ወንበር ላይ ቁጭ ይላል፣ ይነሣል፣ መስኮት ድረስ ሄዶ ምንም ሳያይ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ኮቱን ለብሶ፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሚስቱ ፊት ቆመ።

«ሆድህ ምን ሆነ?» አለችው።

«ምንም።»

«ምንም ሰማያዊ ጠርዝ የለውም።»

ኮቱን ወደ ታች ሳበው።

«ከላይኛው ነው ያነሣኸው ከታችኛው?»

«ከመካከል።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬህ ኖሬ» አለች ቦርሳዋን እያነሣች፣ «እንዲህ አቅፈኸኝ ወጥተህ አታውቅም።»

መንገዱን በሙሉ ደረቱን ቀጥ አድርጎ ተቀመጠ። የሚያሰጋው ነገር ነበር፣ ለሚስቱም አልነገራት። ፕላስቲክ ያረጃል። ብዙ ጊዜ የወደቀ ሳህን አዲስ ሳህን አይደለም፤ ዓይን የማያየው ድካም ይኖረዋል። ዛሬ ቢሰበርስ? ያኔ የተሰበረው አንዱ ሳህን ነው ይባል ነበር። ዛሬ ከተሰበረ ግን በዚያ ማኅተም የመታው ካርቶን ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው።

ስቱዲዮው ቀለሙ ተቀይሯል እንጂ ያው ነው። ፈታሹ እንደገባ መጀመሪያ ያደረገው ወለሉን በጫማው ተረከዝ መምታት ነበር። በስሱ ላስቲክ የተለበጠ ሲሚንቶ ነው። ደህና። ኮሪደሩ ላይ በተደረደሩት ወንበሮች የፍራሹ ሰውዬ ተቀምጧል፤ አገር «እንቅልፌ» ብሎ የሚጠራው ነው። ፒጃማ አልብሰውታል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጎረቤቴ» አለ ወንበር እየሳበለት፣ «አንተ ደግሞ ምን ያቁነጠንጥሃል? ያንተ እኮ ጥሎ መሄድ ነው። እኔ ይኸው በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተኛ ተብዬ፣ ከተደወለልኝ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።»

«ኪኒን ውሰድ።»

«ወሰድኩ። እሱም ነቅቶ አብሮኝ አደረ።» ዝቅ ብሎ የፈታሹን ኮት አየ። «ወፍረሃል ልበል?»

ፈታሹ ኮቱን ሰብስቦ አለፈ። ስቱዲዮው በር ላይ ያ ጠረጴዛ አሁንም አለ። ደንቡም አልተለወጠም፤ ካሜራ ፊት የሚቀርብ ዕቃ ሁሉ በዚያ ጠረጴዛ ያልፋል። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል፣ ዕቃ አዘጋጁ። ከደረት ኪሳቸው የመጋዝ ምላጭ ጫፍ ብቅ ብሏል። የስቱዲዮ ሰዎች «ጋሽ ምላጭ» ይሏቸዋል። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ለዛሬው ሲባል ተጠርተው መጥተዋል። ፊታቸው ነጭ ሳህን ተቀምጧል፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው።

ፈታሹ ሳህኑን አነሣ። ያነሣው ከልማድ ነው፤ ሳህን አይቶ ሳያነሣ ማለፍ አይችልም። ገለበጠው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ሆዱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አሰሰው። መካከሉ ላይ ሲደርስ ጥፍሩ ለስለስ ያለ ነገር ውስጥ ገባ። አሸተተው፤ ሻማ ነው። ሻማውን ፋቅ ሲያደርገው ከሥሩ ቀጥ ያለ ቀጭን ቦይ ወጣ። ቦዩን ተከትሎ ሄደ፤ ሌላ ቦይ አቋርጦት አለፈ። መስቀለኛ ነው። አራት ቦታ።

ሳህኑን ወደ አዛውንቱ አዞረው።

«ማነው ይሄን የቆረጠው?»

«ማን ይቆርጠዋል ብለህ ነው፣ እኔ ነኛ» አሉ አዛውንቱ። «ሻማውን አትነካካብኝ፣ ካሜራ ያየዋል። የፊተኛውንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ሌላ ሰው ይሥራው ስትል ነው እምቢ ብዬ የመጣሁት፤ የዛሬ ልጆች ወይ አጥልቀው ይቆርጡና እጅህ ላይ ይቀራል፣ ወይ ይፈሩና ሳይሰበር ያዋርድሃል።»

«ማን አዘዘዎት?» የፈታሹ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ። «ያኔ። ማን አዘዘዎት?»

«ምን ትእዛዝ ያስፈልገዋል? የዕለቱ ፕሮግራም ወረቀት ላይ "ሳህን ይወድቃል" ይላል። ስቱዲዮ ውስጥ ዕቃ የሚወድቀው ለምንድን ነው? ወይ ባልና ሚስት ሲጣሉ ነው፣ ወይ የሞት ዜና ሲመጣ ነው። አንዴ በድራማ ብርጭቆ አልሰበር ብሎ እየነጠረ ሟቹ ሥር ድረስ ሄደ፤ ሟቹ ሳቀ። ዳይሬክተሩ በኔ ላይ ያወረደውን ስድብ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጠረጴዛ አልፎ፣ ወድቆ ሳይሰበር የቀረ ዕቃ የለም።»

«ማስታወቂያ መሆኑን አልጠየቁም?»

«ድራማው ሊጀምር ነው፣ ተጣድፌ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ፣ ስትናገር አልሰማሁም፤ ስብራቱን ነው የሰማሁት።» አዛውንቱ ዓይናቸውን ከደን አደረጉ። «እንዴት ያለ ድምፅ ነው። እንደዚያ ያለ ዳግመኛ አልቆረጥኩም። አንተም ያችን የጎረቤት ቃል ጣል አደረግክባት፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚደግመው እሷኑ ብቻ ነው። ሰው ያንተ ብቻ ይመስለዋል እንጂ ሁለታችን ነን የሠራናት። ልጅቷ ዛሬ ስሜን እጠራለሁ ብላኛለች፤ የልጅ ልጆቼ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።»

ፈታሹ ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ዱቄቱን ጠርጥሯል፣ ማሽኑን ጠርጥሯል፣ መብራቱን ጠርጥሯል፣ በመጨረሻ የገዛ ዓይኑን ጠርጥሯል። እነዚህን የሚንቀጠቀጡ እጆች ግን አንድ ቀን አልጠረጠረም። «ሥራዬን ያሳጡኝ እርስዎ ነዎት» ሊል አፉን ከፈተ። አዛውንቱ ግን ሻማውን በትንሽ ጣታቸው መልሰው እየሞሉ፣ እየተጠበቡ፣ ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ። አፉን ዘጋው።

ኮሪደሩን ተመላለሰበት። ሚስቱ እንዳየችው ነገሩን አወቀች፤ ጥጉ ላይ ወስዳ አናገረችው፤ ነገራት።

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«አላውቅም።»

«ዕድሜህን ሙሉ ፈልገህ፣ አግኝተህ፣ አሁን አላውቅም?»

«ሽማግሌው የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። የኔ ሳህን ካልተሰበረ ያኔ ለምን ተሰበረ ይባላል። የሳቸውን ከጣልኩት ደግሞ…» ኮቱን ዳበሰ። «ደግሞ ይሄም ቢሰበርስ? አርጅቷል።»

ሚስቱ የኮቱን አንገትጌ አስተካከለችለት። «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ዛሬ እዚህ ያልወደቀ ሳህን ነገ ወጥ ቤቴ ውስጥ ይወድቃል። እዚያ እንዲወድቅ አልፈልግም፤ ደክሞኛል።»

የፈታሹ ስም ተጠራ።

አዳራሹ ሞልቷል። መድረክ መሪው የድሮውን ቅጂ አስከፈተ። ፈታሹ በትልቁ ስክሪን ላይ ራሱን አየ፦ ቀጭን፣ ጸጉራም፣ እርግጠኛ። ሳህኑ ወደቀ፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሕዝቡ ከቀረጻው ጋር አብሮ «ይሄኛው የጎረቤቴ ነው» አለ። ጭብጨባው ሳያባራ ዕቃ አዘጋጁ ከመጋረጃው ጫፍ እጃቸውን ዘርግተው የተቆረጠውን ሳህን አቀበሉት፤ በዓይናቸው ጠቀሱት።

ፈታሹ ሳህኑን ተቀበለ። መድረኩ ላይ ካለው ትንሽ ጠረጴዛ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አኖረው። ከዚያ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። ሕዝቡ የቀልዱ አካል መስሎት ሳቀ። የራሱን ሳህን ሲያወጣ ሳቁ በረታ። ፕሮዲውሰሯ ብቻ ከካሜራዎቹ ኋላ ሆና አልሳቀችም።

ሳህኑን ትከሻው ድረስ ከፍ አደረገ። ክንዱ ልኩን አልረሳም።

«ይህ ሳህን አይሰበርም» አለ፤ ለቀቀው።

ሳህኑን ከማየቱ በፊት ድምፁን ሰማው፤ ሌሊት ቢቀሰቅሱት የሚለየው ድምፅ ነው። ሳህኑ ነጠረ፣ እንደገና ነጠረ፣ በጠርዙ ቆሞ ተንከባለለ፣ ዞሮ ዞሮ፣ እየተርገበገበ ተኛ። ከዚያ አዳራሹ ጭጭ አለ። በቀጥታ ስርጭት ዝምታ እንደ እሳት ነው፤ መድረክ መሪው አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ፕሮዲውሰሯ እጆቿን አናቷ ላይ ጫነች። ሕዝቡ የሚስቅበትን ቦታ አጥቶ ይጠብቃል። ፈታሹም ከዚህ ወዲያ ያዘጋጀው ቃል አልነበረውም። እዚህ ድረስ ለመድረስ ነበር ዕድሜውን የጨረሰው፤ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚባል አንድም ቀን አላሰበም።

ወደ መጋረጃው ዞረ። ዕቃ አዘጋጁ ወለሉ ላይ የተኛውን ሳህን ያያሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ያያሉ። ከንፈራቸው እንደሚደምር ሰው ይንቀሳቀሳል። «አይሰበርም» የሚለውን ቃል በጆሯቸው የሰሙት ገና ዛሬ ነው። ፊታቸው ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። ፈታሹ ማንም በማያይበት ልክ ራሱን ነቀነቀ፤ ይተዉት፣ አይናገሩ ማለቱ ነው።

አዛውንቱ ግን ምላጫቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ የሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ቀበሩት። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ያላደረጉትን አደረጉ፦ ከመጋረጃው ወጥተው ብርሃን ውስጥ ገቡ። ከፈታሹ አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን እንደ ተማሪ ወደ ላይ አነሡ።

«ጎረቤቱ እኔ ነኝ» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው አንድ የካሜራ ሰው ነው፤ የስክሪኑ ምስል ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አዳራሹ ተደረመሰ። ከፊት ወንበር ሁለት ልጆች ተነሥተው «አያታችን ነው» እያሉ ይዘላሉ። እንቅልፌ ፒጃማውን እንደለበሰ ከኮሪደሩ ብቅ ብሎ ምን እንደሆነ ይጠይቃል።

በሳቁ መካከል አዛውንቱ ወደ ፈታሹ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔም ያወቅኩት ዛሬ ነው።»

«ይህን ሁሉ ዘመን?» ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሳህን እያዩ «"ይወድቃል" ብቻ ነው እኮ የሚለው» አሉ። «"አይሰበርም" ብለው መጻፍ ነበረባቸው።»

«ነበረባቸው» አለ ፈታሹ። የሚያስደነግጥ ቁጣ ይመጣብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። የመጣበት ግን የድካም ስሜት ነው፤ ጫማውን አውልቆ እዚያው መድረኩ ላይ ቁጭ ማለት አማረው።

በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ዘግይቶ ተነሣ። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ጠርጋለታለች። መድረክ ላይ የጣለውን ሳህን በብርሃን አዙሮ አየው፣ በጥፍሩ አሰሰው፣ በጣቱ ቀለል አድርጎ መትቶ ድምፁን አዳመጠ። ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ጠርዙን ዙሪያውን አሰሰ።

«ጨረስክ?» አለችው፣ ዳቦና እንቁላል በእጇ ይዛ። «ልበላበት ነው።»

«አንድ ደቂቃ።»

«ይህን አንድ ደቂቃ እኮ አውቀዋለሁ።»

ማስመሪያውን ጠርዙ ላይ አስደግፎ ለካ። ከዚያ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ሰጣት፤ እሷም እንቁላሉን ገለበጠችበት። ውጤቱ እንዲህ ነበር፦ ከትከሻ ከፍታ፣ በላስቲክ በተለበጠ ሲሚንቶ ላይ፣ አንድ ውድቀት፤ ሰማያዊው መስመር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ጭረት፤ ስንጥቅ የለም።